ወተቱንም ጠጡ፣ መስኮቱንም ክፈቱ

መጀመሪያ የጠፋብኝ የግራ እግሬ ነጠላ ጫማ ነው። እሑድ ጠዋት በጣና ዳር፣ ታንኳዎቹ ከሚቆሙበት አለፍ ብሎ ባለው ጭቃማ መንገድ ስሄድ አንዲት ዓሣ ሻጭ ከኋላዬ ጠራችኝ።

«ጋሼ፣ ጫማዎ ቀረ እኮ።»

ዞር አልሁ። ጫማው ሃያ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ጭቃ ውስጥ ተቀምጧል። ያን ሁሉ መንገድ በባዶ እግሬ ነው የመጣሁት። ጠጠር ረግጫለሁ፤ ውስጥ እግሬ ላይ እሾህም ተሰክቶ ነበር። አንዱም አልተሰማኝም። ሴትዮዋ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። በሐሳብ የተዋጠ ሰው መስዬ መታየቴ እንዲያውም ደስ ብሎኝ ነበር።

ይህን የምጽፈው እግሩ መደንዘዝ ለጀመረውና ቤተ ዘመዱ ሁሉ የየራሱን በሽታ እየመረጠ ለሚሰጠው ሰው ነው። እኔም ተሰጥቶኛል። ማክሰኝት ያለው አጎቴ በስልክ መጋኛ ነው አለ። ጎረቤቴ ምች ነው አለች። አንድ የድሮ ጓደኛዬ ደግሞ ብዙ ስለምታነብ ነው አለኝ፤ ንባብ እግር ላይ እንዴት እንደሚወርድ ግን አላስረዳኝም።

ድርሰት እንጀራ ስለማይሆን ባሕር ዳር ውስጥ በአንድ የጫማ መሥሪያ ቤት የሰነድና የሥልጠና ሠራተኛ ነኝ። ጠረጴዛዬ ማጣበቂያ ክፍል ውስጥ ነበር። አንድ ክረምት የቢሮዬ ጣሪያ ሲያፈስ «ለጊዜው» ተብሎ ወደዚያ ተዛወረ፤ ጊዜውም ሦስት ዓመት ሞላው። በክፍሉ ውስጥ ሶሉን ከጫማው ገላ ጋር የሚያጣብቁ ሴቶችና ወንዶች ቀኑን ሙሉ ማስቲሽ ይቀባሉ። ማስቲሽን ፈሳሽ አድርጎ የሚያቆየው ሄክሴን የሚባል፣ ከነዳጅ የሚወጣ ነገር ነው። ሙጫው እንዲይዝ ሄክሴኑ መትነን አለበት። ከተነነ በኋላ ደግሞ የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋል። መስኮት ካለ በመስኮት ይወጣል። ከሌለ ሰው ውስጥ ይገባል።

መስኮት ነበረን፤ ግን በምስማር ተመትቷል። ምክንያቱን ከሐይቁ ርቆ የሚኖር ሰው አይገምተውም። የጣና ትንኝ በወቅቱ ሲነሣ ከውኃው ላይ እንደ ጢስ ነው፤ መብራትና ሽታ ባለበት ሁሉ ይገባል። እርጥብ ማስቲሽ ላይ ካረፈ ደግሞ አይነሣም። ትንኝ የተለጠፈበት ጫማ ገዢ ይመልሰዋል። ስለዚህ የመሥሪያ ቤቱ ባለቤት አቶ መኳንንት መስኮቶቹን አስመቱ። ጫማው ከትንኝ ዳነ።

እኛን ያድነናል የተባለው ወተት ነው። በኬሚካል አጠገብ የሠራ ማንም ሰው ይህን ያውቃል፦ ቀለም ቀቢው፣ ባትሪ ሠሪው፣ ጋራዥ ያለው ሁሉ መርዙን የሚሽረው ወተት ነው ብሎ ያምናል። በየቀኑ ግማሽ ሊትር ይታደለን ነበር። በጾም ወቅት ለሚጾሙት በሱፍ ውኃ ይተካል፤ መርዙም አብሮ የሚጾም ይመስላል። እኔ በነገር ሁሉ ተቃራኒውን በመያዝ የምታወቅ ሰው ነኝ፤ ሚኒባስ ውስጥ «ብርድ ይገባል» ብለው መስኮት ከሚዘጉ ሰዎች ጋር ስጣላ ዕድሜዬን ጨርሻለሁ። ወተቱን ግን ያለ አንድ ጥያቄ ጠጣሁት። በዚያም ላይ ይጣፍጥ ነበር።

የባሰም አለ። ከመታመሜ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ክፍሉ ውስጥ እሳት ተነሥቶ ነበር። ከደጃፉ ውጭ አንድ የከሰል ምድጃ ነበር፣ ማስቲሹ ያለበት ጣሳ ደግሞ ከውስጥ፣ ከምድጃው ስድስት እርምጃ ያህል ርቆ፣ ክዳኑ ተከፍቶ ተቀምጧል። በመካከላቸው ባዶ ሲሚንቶ ነው። እሳቱ ከምድጃው ተነሥቶ፣ ምንም የሚነድ ነገር በማይታይበት ወለል ላይ ሄዶ፣ ጣሳው አፍ ላይ ደረሰ። ዘሀራ የምትባል የወረታ ልጅ፣ ከሁሉም ፈጣኗ አጣባቂ፣ ክዳኑን ገጥማ አፈነችው። ሌሎቻችን ቆመን እናያለን።

ከዚያ በኋላ አቶ መኳንንት ምድጃውን ከግቢ አስወጡ፣ በባልዲ አሸዋ አስቀመጡ፣ ከማስቲሹ ጋር የመጣውን የደኅንነት መግለጫም ወደ አማርኛ እንድመልሰው አዘዙኝ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። «ተቀጣጣይ» ይሻላል ወይስ «በቀላሉ የሚነድ» እያልሁ ከራሴ ጋር ተከራከርሁ። «ተኑ ከአየር ይከብዳል፤ በወለል ላይ ተስቦ ርቆ ካለ እሳት ይደርሳል» የሚለውን ስጽፍ ያየነው ነገር ስለሆነ ብዕሬ አልቆመም። ወረድ ብሎ ስለ ነርቭ የሚለውንም ጻፍሁ። ቃላቱን አሳመርሁ እንጂ አላነበብኋቸውም። ሁላችንም እሳት እሳቱን ነበር የምናየው። ወረቀቱ በፕላስቲክ ተለብዶ ከራሴ በላይ ግድግዳው ላይ ተሰቀለ፤ እኔም ከሥሩ ተቀምጬ ተነፈስሁ።

ከነጠላ ጫማው በኋላ ሌላው በየተራ መጣ። የእግር ጣቶቼ ደነዘዙ። ካልሲ ሳላደርግ ያደረግሁ ይመስለኛል። ከዚያ ቁርጭምጭሚቴ። ደረጃ ስወጣ የእግሬ ጫፍ አልነሣ ይላል። ወደቅሁ። ሱሪዬ ሰፋኝ። ሸሚዝ መቆለፍ አቃተኝ። አንድ ቀን ብዕር ከእጄ ወደቀ። አነሣሁት። ወደቀ። አነሣሁት። ወደቀ።

እግር ሲደክም ወንበር አለ። እጅ ሲደክም ግን ለእኔ ዓይነቱ ሰው የቀረለት ነገር የለም። መራመድ ይቅርብኝ፣ መጻፍ ብቻ አይቅርብኝ ብዬ መደራደር ጀመርሁ። ከማን ጋር እንደምደራደር አላውቅም።

በመጀመሪያው ክሊኒክ ስኳር ነው ተባለ፤ ደሜ ውስጥ ስኳር ሲያጡ ሐኪሙን ቅር ያለው መሰለኝ። በሁለተኛው የቫይታሚን ቢ-12 እጥረት ነው ተብሎ ተወጋሁ። በሦስተኛው የወገብ ዲስክ ነው ተባልሁ፤ ራጁን ያዩት ሰው ግን «ይኼ በዕድሜ የሚመጣ ነው» ብለው መለሱልኝ። እዚህ ላይ ሐኪሞቹን ብቻ መውቀስ ያምረኛል፤ ልክ አይሆንም። ሦስቱም ሥራዬን ጠይቀውኛል። ሦስት ጊዜም በኩራት «ደራሲ» ብያለሁ። ጫማ መሥሪያ ቤት ማለት ከክብሬ በታች መስሎኝ ነበር።

አራተኛዋ ከእኔ በዕድሜ ብዙ የምታንስ የነርቭ ሐኪም ናት። ባለቤቴ ስንዱ ናት ደግፋ ያስገባችኝ።

«ሥራዎ?»

«ደራሲ።»

ቀና ብላ አየችኝ። «በድርሰት ብቻ የሚኖር ሰው እስካሁን አላየሁም። ሌላ ሥራ የለዎትም?»

ስንዱ ሳቋን ዋጥ አደረገች። «አለው» አለች፤ «ጫማ መሥሪያ ቤት ውስጥ ወረቀት ይሠራል።»

«ወረቀቱን የት ተቀምጠው ነው የሚሠሩት?»

ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ነገርኋት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ማስቲሹ ውስጥ ምን እንዳለ የሚናገር ወረቀት ካለ እንድናመጣ ነገረችን። ስንዱ በዚያው ቀን ሄዳ ከራሴ በላይ የተሰቀለውን ነቅላ ይዛው መጣች። ሐኪሟ በጣቷ እየተከተለች ወደ ታች ወረደችና ድምፅ አውጥታ አነበበች፦ «ተኑን ለረጅም ጊዜ ደጋግሞ መተንፈስ የእጅና የእግር ነርቮችን ይጎዳል። በቂ አየር በሌለበት ክፍል አይጠቀሙ።»

«ማን ነው የተረጎመው?»

«እኔ።»

«ጥሩ አማርኛ ነው» አለች።

ጽሑፎቼ አልፎ አልፎ ተመስግነዋል። እንደዚያ ቀን ያለ ምስጋና ግን ደርሶኝ አያውቅም።

አዲስ አበባ ልካኝ የነርቭ ፍጥነት ምርመራ አደረግሁ፤ ነርቮቼ መልእክት የሚያደርሱት እየተጎተቱ ነበር። ስሙ ፔሪፈራል ኒውሮፓቲ ነው፤ የዳር ነርቮች መጎዳት ማለት ነው። ከአእምሮ እጅግ የሚርቁት፣ ረጃጅሞቹ ነርቮች ቀድመው ስለሚጎዱ ነው ከእግር ጣት የሚጀምረው።

«መድኃኒቱ ምንድን ነው?» አልኋት።

«ከዚያ ክፍል መውጣት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ የለም። ነርቩ ራሱ ይጠገናል፣ ቀስ ብሎ። አሁን የምነግርዎትን ግን አይርሱ። ከወጡ በኋላም ለሁለት ሦስት ወር ሊብስብዎት ይችላል። የተጎዳው ነርቭ ጉዳቱን የሚያሳየው ዘግይቶ ነው። ያን ጊዜ ሐኪሟ ተሳስታለች ብለው እንዳይጠፉብኝ።»

«ወተቱስ?»

«ከወደዱት ይጠጡ» አለች፤ «ከዚህ በሽታ ጋር ግን አይተዋወቁም።»

ከክፍሉ ወጣሁ። ዘንዘልማ ካለው ቤቴ ቁጭ አልሁ።

ባሰብኝ።

በመጀመሪያው ወር ከዘራ ያዝሁ። በሁለተኛው ክራንች። ማንኪያ አልይዝ አልሁ። ስንዱ ታጎርሰኝ ጀመር። ጉርሻ ደስ የሚለው አልፎ አልፎ ሲሆን ነው፤ በቀን ሦስት ጊዜ ሲሆን ሰው በገዛ ቤቱ ሕፃን ይሆናል። ሽንት ቤት በድጋፍ። ልብስ በድጋፍ። እግሬን አያታለሁ፣ ያለችው እዚያ ነው፤ ዓይኔን ስጨፍን የለችም። የአጎቴ ስልክ በረታ። «ይኸው፣ ሐኪሟ ያለችህን አድርገህ ባሰብህ» አለኝ። ከሁሉ የሚያናድደው፣ እኔም ማመን ጀምሬ ነበር። ዕድሜ ልኬን የተባለውን ሁሉ ስጠራጠር ኖሬ ልጠራጠር የማይገባኝን ብቸኛ ሰው ተጠራጠርሁ። ስንዱ ቀኖቹን በቀን መቁጠሪያው ላይ አሳየችኝ። «ሐኪሟ እስከ ሦስት ወር ብላህ ነበር እኮ። ገና ሁለት ነው። አንተ ሰው፣ አንዴ እንኳ የተባልኸውን ስማ።»

በዚያው ሰሞን ዘሀራ ልትጠይቀኝ መጣች። በላስቲክ ጠርሙስ ወተት ይዛለች።

«ጋሼ፣ ምነው እንዲህ ከሱ?»

«ወተቱ ቀርቶብኝ ነው።»

«ይኸው አምጥቼልዎታለሁ። የዛሬ ድርሻዬ ነው።»

«አንቺስ ምን ልትጠጪ?»

«እኔ መች ጠጥቼው አውቃለሁ። ለልጄ ነው የምወስደው። ዛሬ ግን ይቅርባት አልሁ።»

ስለ ትንኙ፣ ስለ አቶ መኳንንት ቁጣ፣ እኔ ከሄድሁ ወዲህ ጠረጴዛዬ የሶል መደርደሪያ ስለ መሆኑ አወራችኝ። ስትወጣ ደጃፉ ላይ ያወለቀችውን ጫማ ልታደርግ ቆመች። አጎንብሳ አየችው። እግሯን በዓይኗ እየመራች አስገባችው። ሁለተኛውን ሳታይ ልታደርግ ስትል ሳተችው። እንደገና አየች።

«ዘሀራ፣ እግርሽን ሳታዪ ጫማ ማድረግ ትችያለሽ?»

ልትስቅ ነበር፤ ተወችው። «ከረመዳን ወዲህ ይደነዝዘኛል። ጾሙ ነው ብዬ።»

ለሁለት ወር ያህል የራሴን እግር ሳይ ነው የቆየሁት። ወረቀቱ ከግድግዳው ተነቅሎ ሐኪሟ ጋ ነው፤ ለእኔ ሲባል ተነቀለ። በዚያ ክፍል ውስጥ ለቀሩት ሰዎች ግን እኔም ስንዱም አንድ ቃል አልተናገርንም። መታመም ሰውን ደግ ያደርጋል የሚሉ ሰዎች የት እንደሚታመሙ አላውቅም። እኔን ያደረገኝ ሥራ ፈት ራስ ወዳድ ነው። ወደ ሐኪሟ ዛሬውኑ እንድትሄድ ለዘሀራ ነገርኋት። ቶሎ ከወጣች እኔ የደረስሁበት አትደርስም፤ ከቆየች ትደርሳለች። ይህን ለመናገር ክራንች አያስፈልግም ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት ስንዱ በባጃጅ ወደ ጫማ መሥሪያ ቤቱ ወሰደችኝ። አቶ መኳንንት ክፉ ሰው አይደሉም፤ ነገሩን ያከበደውም ይኸው ነው፤ ክፉ ሰው ቢሆኑ ኖሮ መጣላቱ ይቀለኝ ነበር። ክራንቼን ሲያዩ ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«ወተቱን እኮ አንድ ቀን አላጓደልሁም» አሉኝ።

«ወተቱ በሆድ ነው የሚገባው። ይህ የሚገባው በሳንባ ነው።»

«መስኮት ከተከፈተ ትንኙስ?»

«ትንኝ የሚያበላሸው ጫማ ነው፤ ይህ እግር ነው። እግር ካለቀ ጫማውን ለማን ሊሸጡት ነው?»

«አንተ እንደሆነ ድሮም አፍህ አልታመመም» አሉና ቁጭ አሉ።

ያልጠበቅሁት ተቃውሞ የመጣው ከሠራተኞቹ ነው። ባዩ የሚባለው አንጋፋ ቆዳ ቆራጭ «ወተቱን ልታስቀሩብን ነው?» አለ፤ ክፍሉም በአንድ ጊዜ ተንጫጫ። ይህን ወተት የሚጠጣው እኔና አንድ ሁለት ሰው ብቻ እንደነበርን የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ሌላው ሁሉ በጠርሙስ ወደ ቤቱ ይወስደው ኖሯል። በሐሳቤ በወተት ላይ የሚያላግጥ ጽሑፍ ጀምሬ ነበር፤ እዚያው ቆሜ ሰረዝሁት። መርዝ አልሻረም፤ ልጆች ግን አሳድጓል። «ወተቱ ይቀጥላል» አሉ አቶ መኳንንት፤ ጫጫታው ቆመ።

ምስማሮቹ ተነቀሉ። መስኮቶቹ ላይ ወንፊት ሽቦ ተመታ፤ በየትኛውም ቤት ለትንኝ የሚደረግ ነገር ነው፣ ለምን እስከዚያ እንዳልታሰበ አትጠይቁኝ። አየሩን ለሚስበው ማራገቢያ ግን አናጢው ጣሪያ ሥር ቀዳዳ ሊያወጣ መሰላል ይዞ ወጣ።

«ወደ ታች፣ ወለሉ አጠገብ» አልሁት።

«ጋሼ፣ ሽታ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ሥራዬን አውቃለሁ።»

እኔ ስለ ተን ክብደት ማስረዳት ስጀምር ዘሀራ አቋረጠችኝና ወደ አናጢው ዞረች። «አንተ፣ ያን ቀን እሳቱ በየት በኩል ነው የመጣው? በጣሪያ ነው?»

አናጢው እሳቱን በዓይኑ ካዩት አንዱ ነበር። ከመሰላሉ ወረደ። ግድግዳውን ከወለሉ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ቀደደው። የእኔ የሁለት ሳምንት ትርጉም ያላደረገውን የእሷ አንድ ጥያቄ አደረገው። ማራገቢያው ራሱ ብልጭታ የማያወጣ ዓይነት መሆን ስላለበት እስኪገኝ ድረስ ፊት ለፊት ያሉት በርና መስኮቶች ተከፍተው ተሠራ። ዘሀራ ወደ ስፌት ተዛወረች። መደንዘዙ እሷንም ጥቂት ሳምንት ባሰባት፤ ከቁርጭምጭሚቷ ግን አላለፈም።

የእኔ መዳን የጀመረው በአራተኛው ወር ላይ ነው፤ የጀመረውም በሕመም ነበር፣ እግሬ እንደ በርበሬ ይለበልበኝ ስለነበር ተበሳጭቼ ለሐኪሟ ደወልሁ፣ እሷ ግን በስልኩ ውስጥ ስትስቅ ሰማኋት፤ «እሰይ፣ ነርቩ እየተነሣ ነው» አለችኝ። ከዚያ በኋላ ስንዱ በየጠዋቱ ሽምብራ በሳሕን እያስቀመጠችልኝ አንድ በአንድ እየለቀምሁ ወደ ሌላ ሳሕን አሻገርሁ፤ በመጀመሪያው ቀን አምስት ለቅሜ ደከመኝ፣ ከወራት በኋላ ሳሕኑን ጨርሼ ሽሮ ታደርገው ዘንድ ለራሷ መልሼ መስጠት ቻልሁ። በሐይቁ ዳር ያለውን መንገድ መጀመሪያ ክራንች፣ ቀጥሎ ከዘራ፣ ቀጥሎ የስንዱን ክንድ ይዤ እየቆራረጥሁ ሄድሁበት፣ ዓሣ ሻጯም ባየችኝ ቁጥር ወደ እግሬ ጎንበስ ብላ «ዛሬስ ሁለቱም አሉ» እያለች ታሳልፈኝ ጀመር። ይህን ጽሑፍ በእጄ ለመጻፍ አንድ ዓመት ተኩል ጠብቄያለሁ። ፊደሌ ከድሮው ይከፋል፤ ድሮም አያምርም ነበር።

ማመስገን አለብኝ፤ በማመስገን ጎበዝ ስላልሆንሁ ባጭሩ። ሐኪሟን፣ አንድ ጥያቄ ጨምራ ስለ ጠየቀች። ስንዱን፣ ስላጎረሰችኝ ሳይሆን ቀኖቹን ስለቆጠረች። ዘሀራን፣ ደጃፌ ላይ ጫማዋን ስለሳተች፤ በዚያስ ባያመሰግኑኝ ይሻላል ትለኛለች።

እግራችሁ ወይም እጃችሁ መደንዘዝ ከጀመረ ለሐኪማችሁ የሥራችሁን ስም ሳይሆን ቀኑን ሙሉ ምን እንደምትተነፍሱ ንገሩት፤ ጣሳውን ወይም የጣሳውን ጽሑፍ ይዛችሁ ሂዱ። ስኳርም ተመርመሩ፣ ቫይታሚኑንም፤ እነሱም አሉና። ሽታው አይሰማኝም ብላችሁ አትጽናኑ፤ አፍንጫ ከሁሉ ቀድሞ የሚለምድ ነው። የጨርቅ ማስክ አቧራ ይይዛል እንጂ ተን አይይዝም። እጃችሁን በቲነር ወይም በማስቲሽ ማቅጠኛ አትታጠቡ፤ በቆዳም ይገባል። ክዳን ሁልጊዜ ይገጠም፤ የምትቀዱትም ለዛሬ የሚበቃውን ያህል ብቻ ይሁን። ማንኛውም እሳት፣ ሲጋራም ከሰልም ቢሆን፣ ሩቅ ነው ብላችሁ አትናቁት፤ ተኑ በእግሩ ይሄዳል። አየር ከታች ይሳብ። እና ከክፍሉ ከወጣችሁ በኋላ ሲብስባችሁ፣ በሁለተኛው ወር፣ ሁሉም ሰው ሌላ መድኃኒት ይዞ ሲመጣ፣ እባካችሁ ቁጭ በሉና ሦስተኛውን ጠብቁ። ወተቱን ደግሞ ጠጡት። ወይም ለልጅ ውሰዱት።

ወንፊቱ ሁሉንም ትንኝ አይከለክልም። ባለፈው ሰሞን አንድ ጥንድ ቡናማ ጫማ ከገዢ ተመለሰ፤ በግራው፣ ከተረከዙ በላይ ባለው የማስቲሽ መሥመር ላይ አንድ ትንኝ ክንፏን ዘርግታ ደርቃለች። አቶ መኳንንት ጣሪያው ተጠግኖ ወደ ተመለስሁበት የድሮ ቢሮዬ መጥተው ጫማውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡልኝ።

«ያንተ ጣጣ ነው፤ አንተው አድርገው» አሉ።

አደረግሁት። ቀኙ ልኬ ነው። ግራው ትንሿ ጣቴ ላይ ይጠብባል፤ ከጠዋት እስከ ማታ፣ በየእርምጃው፣ ይሰማኛል።